ጥቆማ፦ ድሬ ላይ የሙቀት ሴንሰር ከየት እንግዛ፣ ማንስ ይግጠምልን?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ምትጠይቁኝ በዝታችኋል፣ አንዴ ልፃፈውና ልረፍ። ቤቴ ሳቢያን ነው፣ አራት ክፍል ውስጥ ሴንሰር አለኝ፣ ኤሲውንም ቬንትሌተሩንም ሚያበራው ሚያጠፋው እሱ ነው። እዚህ የደረስኩት ግን ሦስቴ ተሸውጄ ነው።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ዲኤችቲ 11 ሚባለው ሰማያዊው አለ አይደል፣ ርካሽ ስለሆነ ሁሉም እሱን ይገዛል፣ አቦ ተዉት። እስከ 2 ዲግሪ እንደሚስት ፋብሪካው ራሱ ፅፎታል፣ ግንቦት ላይ ደግሞ ድሬ ውስጥ 2 ዲግሪ ማለት የመተኛትና ሲገላበጡ የማደር ልዩነት ነው። ነጩ ዲኤችቲ 22 ግማሽ ዲግሪ ቢስት ነው፣ እርጥበትም ስለሚለካ ለሳሎን አሪፍ ነው። እኔ በብዛት የገጠምኩት ግን ዲኤስ 18ቢ20 ነው፣ ያ ባለ ብረት ጫፉ ውሃ የማያስገባው፣ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ስላለው አንድ መስመር ላይ ብዙውን መደርደር ይቻላል።

ታይዋን ገበያ ዞር ዞር ካላችሁ አታጡትም፣ እዛው አይታችሁ ትገዛላችሁ፣ ግን ፎርጅዱ ብዙ ነው። አንድ ሱቅ የሸጠልኝ የሽቦው ቀለም ከተለመደው ተገላብጦ ነበር፣ ቀይ ፖዘቲቭ ነው ብዬ ሳገናኘው ወዲያው ጋለና ጣቴን ለበለበኝ፣ ስመልስለት ደግሞ «የተሸጠ አይመለስም» አለኛ። አሁን ኢኤስፒ 32ዬን (ሴንሰሩን ምታነበዋ ትንሿ ቦርድ ናት) እና ፓወር ባንኬን ይዤ ሄጄ እዛው ፊቱ ሞክሬ ነው ምከፍለው። አስር ምናምን ፍሬ ከሆነ ምትፈልጉት ከአዲስ በአውቶብስ ማስላክ ይሻላል፣ ቀናት ብትጠብቁም አንድ ዓይነቱን ታገኛላችሁ። የብየዳ ካውያ መያዝ ማትፈልጉ ሶኖፍ ቲኤች ሚባለውን ተሰርቶ ያለቀ ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ፈልጉ፣ ሴንሰሩ ይሰካል በቃ። ዋጋ አልፅፍም፣ ነገ ተቀይሮ ውሸታም እንዳትሉኝ።

ገጣሚ ላይ ስንመጣ፣ የኤሲ ባለሙያዎቹ 220ው ላይ ጎበዞች ናቸው፣ ሴንሰር ላይ ግን አያምጣው። አንዱ ኢኤስፒውንና ሴንሰሩን አንድ ሳጥን ውስጥ አሽጎልኝ ሄደ፣ ኢኤስፒው ራሱ ስለሚሞቅ ሴንሰሩ ሁሌ 3 ዲግሪ ጨምሮ ያነባል፣ ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ አደረ፣ ቢሉን ሳየው ሚስቴን አላሳየኋትም። የዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ተማሪዎች በተቃራኒው ሴንሰሩን ውሃ አርገው ነው ሚሰሩት፣ ኮንታክተር (ኤሲውን ሚያበራው ሚያጠፋው ትልቁ የ220 ማብሪያ) ግን አታስነኳቸው። ስለዚህ ሁለቱንም ጥሩ፣ ለየብቻ ክፈሉ።

ሽቦው የኔትወርክ ኬብል ይሁን፣ የሴንሰሩ ዳታ (ንባቡን ሚልከው ሽቦ) እና ግራውንዱ (ኔጌቲቩ) አብረው የተጠመዘዙት ጥንድ ላይ ይሂዱ። ከክፍል ክፍል እንደ መቁጠሪያ ተያይዞ ይለፍ እንጂ ከአንድ ቦታ እንደ ሸረሪት አይበተን፣ ከ220 መስመርም ራቅ ይበል። በዳታውና በ3.3 ቮልቱ መሀል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር መርሳት የለም። 85 ብሎ ቀጥ ካለ አትደንግጡ፣ ሴንሰሩ ገና ሲነሳ ሚሰጠው ቁጥር ነው፣ ብዙ ጊዜ ፓወሩ ሳይደርሰው ሲቀር ነው፣ ‎-127 ካለ ደግሞ ሽቦው ተላቋል። ኮርኒስ ስር፣ ቲቪ ጀርባ፣ የከሰዓት ፀሐይ ሚመታው ግድግዳ ላይ እንዳትለጥፉ፣ ቁመቱ ሰው ደረት አካባቢ ይሁን።

ካልብሬሽኑን፣ ማለትም ንባቡን ማስተካከሉን፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጁስ ቤት ሄዳችሁ በረዶ ለምኑ፣ አድቅቃችሁ ፔርሙዝ ሙሉበት፣ ትንሽ ንፁህ ውሃ ጨምሩ፣ ብረት ጫፉን መሀሉ ላይ ከታችሁ (ታችኛውን እንዳይነካ) እያማሰላችሁ አስር ደቂቃ ጠብቁ፣ 0 ማለት አለበት። 0.8 ካለ 0.8 ትቀንሳላችሁ፣ ኢኤስፒ ሆም ላይ (ኢኤስፒው ላይ ሚጫነው ሶፍትዌር) አንድ መስመር መፃፍ ነው። ከዛ ከፋርማሲ ምትገዙትን ዲጂታል የትኩሳት መለኪያ ከሴንሰሩ ጋር አስራችሁ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩ፣ እሱ 37 አካባቢ ላይ በጣም ትክክል ነው፣ የድሬ ክፍል ደግሞ ግንቦት ላይ እዛው አካባቢ ስለሆነ ከዚህ በላይ ማመሳከሪያ የለም። ዲኤችቲውን ግን ውሃ እንዳታስነኩት፣ ካስተካከላችሁት ሴንሰር ጎን አስቀምጣችሁ አመሳክሩት።

በፈላ ውሃ ምታስተካክሉ ተጠንቀቁ። ጀጎል ውስጥ ሚኖር ጓደኛዬ የፈላ ውሃ 100 ነው ብሎ ሴንሰሩ 94 ሲያነብ 6 ዲግሪ ደመረለት፣ ያ የድንጋይ ቤት ቀዝቅዞ እያለ ሴንሰሩ ሞቀኝ ሞቀኝ ይላል። ሐረር ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ 94 አካባቢ ነው ሚፈላው፣ ድሬ ደግሞ 1,200 ገደማ ስለሆነች 96። ሴንሰሩ ምንም አልነበረበትም ወላሂ፣ ሲሰድበው ነው የከረመው።

አሁን ዲኤችቲ 22 ፈልጎ ቁልቁል ድሬ ድረስ እየተመላለሰ ነው፣ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ሚሸጥ ሱቅ ምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙልኝ።