በሥነ ልቦና ዘርፍ የታተሙ ጥናታዊ ጽሑፎችን ከየት ማግኘት ይቻላል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በምክር ሥነ ልቦና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፌን በከተማ በሚኖሩ እናቶች የድኅረ ወሊድ ድባቴ ላይ ለመሥራት አስቤአለሁ። አማካሪዬ በባለሙያዎች የተገመገሙ ጽሑፎችን ብቻ እንድጠቅስ አሳስበውኛል፤ ይሁንና ጉግል ላይ ስፈልግ የሚመጡልኝ አብዛኛውን ጊዜ የጤና ምክር የሚሰጡ ድረ ገጾች ናቸው። ተስማሚ መስሎ የታየኝ ጽሑፍ ሲገኝም ከአጽሕሮቱ በቀር ያለ ክፍያ አይነበብም። በአማርኛ የተፈተሸ መጠይቅም እፈልጋለሁ። ከየት ብጀምር ይሻላል?

መልስ 1

ፍለጋዎን የሕክምና ጥናቶች የመረጃ ቋት ወደሆነው ፐብሜድ እና ጥናታዊ ጽሑፎችን ብቻ ወደሚፈልገው ጉግል ስኮላር ያዛውሩ። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር የሚያዘጋጀው ሳይክኢንፎ ለዘርፉ ዋናው የመረጃ ቋት ነው፤ ሆኖም በክፍያ ስለሆነና ርዕስዎም ከሕክምናው ጋር ስለሚዋሰን ለጊዜው ፐብሜድ ይበቃዎታል። ሙሉ ጥያቄ አይጻፉ። ተመራማሪዎች ይህንኑ ጉዳይ በእንግሊዝኛ ፖስትፓርተም፣ ፖስትናታል ወይም ፔሪናታል እያሉ ስለሚጠሩት፣ ሦስቱን በ«ኦር» (OR) አገናኝተው በቅንፍ ያስገቡና ኢትዮጵያ የሚለውን በ«ኤንድ» (AND) ያክሉ። ብዙ ሰው የሚያመልጠው ግን ሌላ ነው፦ በአገራችን የተሠሩ በርካታ ጥናቶች በርዕሳቸው ላይ «ዲፕሬሽን» የሚል የላቸውም፤ «ኮመን ሜንታል ዲስኦርደርስ» (የተለመዱ የአእምሮ ሕመሞች) የሚል ነው ያለባቸው። ይህን ካልጨመሩ ለእርስዎ እጅግ የሚጠቅሙት ጽሑፎች ከፊትዎ አይመጡም።

መልስ 2

ከላይ በተባለው ላይ ስለ መጠይቁ ልጨምር። በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመው ባለ 10 ጥያቄው የኤዲንብራ የድኅረ ወሊድ ድባቴ መለኪያ በአገራችን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተፈትሿል፤ ውጤቱም አንድ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመው የቡታጅራ የገጠር ጥናት መለኪያው ደካማ ሆኖ ሲገኝ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 20 ጥያቄው የአእምሮ ጤና መጠይቅ በልጦታል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው የአዲስ አበባ ጥናት ግን መለኪያው በከተማ እናቶች ዘንድ እንደሚያገለግል አሳይቷል። የመጀመሪያውን ብቻ ያገኘ ሰው መለኪያውን ይጥለዋል፤ ሁለተኛውን ብቻ ያገኘ ደግሞ ያለ ጥርጥር ለገጠርም ይወስደዋል። ስለዚህ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ሲያገኙ እዚያ አይቁሙ፤ ጉግል ስኮላር ላይ ከርዕሱ ሥር ጽሑፉን የጠቀሱትን የሚያሳየውን ማያያዣ ይጫኑ፤ ከዚያ በኋላ የጠቀሱትን ሥራዎች ይዘረዝርልዎታል። ዋቢዎቹ ወደ ኋላ፣ ይህ ማያያዣ ወደ ፊት ይወስዳሉ።

ጠያቂው

እጅግ አመሰግናለሁ፤ ሁለቱንም አግኝቻቸዋለሁ። የቀረኝ ሙሉውን ጽሑፍ ማንበብ ነው።

መልስ 3

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመራው ሂናሪ ኢትዮጵያን ለመሳሰሉ አገሮች ተቋማት በርካታ ጆርናሎችን በነጻ ይከፍታል። ምዝገባው በተቋም ስም ነውና የይለፍ ቃሉን ከዩኒቨርሲቲዎ ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ፤ ፈላጊ ስለሌለ ብቻ ሳይጠቀሙበት የሚቀሩ ተቋማት ያሉ ይመስለኛል። የሙሉ ጽሑፎች ነጻ ማከማቻ በሆነው ፐብሜድ ሴንትራል ላይ ያለው ደግሞ ያለ ምዝገባ ይነበባል። ሁለቱም ካልሠሩ በአጽሕሮቱ ገጽ ላይ ኢሜይሉ ለተሰጠው ተመራማሪ አጭርና ትሑት ደብዳቤ ይጻፉ። የአማርኛው መጠይቅ ራሱ በጽሑፉ ውስጥ ታትሞ ላይገኝ ስለሚችል በዚያው ደብዳቤ እርሱንም ይጠይቁ።