«ያኔ ሕጋዊ ነበር»፦ ስለ ሃርዉድ ሃውስ ጉብኝት ክርክር

ዓባይ ማዶ፦ በእንግሊዝ አገር ሊድስ አቅራቢያ ወዳለው የመኳንንት ቤት፣ ሃርዉድ ሃውስ፣ ለቅዳሜው ጉዞ የወጣውን ማስታወቂያ አያችሁት? «ቤተሰቡ ሀብት ያፈራው በካሪቢያን ንግድ ነው፤ ባርነት ያኔ ሕጋዊ ነበር፤ እኛ የምንሄደው ቤቱን ለማየት ነው» ይላል። ሰውን ከሊድስ ድረስ ወስዶ እንዲህ ብሎ ማለፍ ያሳዝናል።

አዘጋጁ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቤቱ ከ1759 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ሰው የሚመጣው የአርክቴክቱን የሮበርት አዳምን ጣሪያና የዕቃ ሠሪውን የቺፕንዴልን ዕቃ ሊያይ ነው። በጋለሪው መስኮቶች አናት ላይ የተንዠረገገ ጨርቅ የሚመስለውን ቀርባችሁ እዩት፤ ተፈልፍሎ የተቀባ እንጨት ነው። በሙዚቃ ክፍሉ ደግሞ ምንጣፉ የጣሪያውን ንድፍ ይደግማል። ይህ ሳይታይ ክርክር ቢቀድም ጉዞው ይበላሻል። ደግሞም ሕጋዊ ነበር፤ ሐሰት አልጻፍኩም።

ሳባ፦ ሕጋዊ ነበር ካልክ ሕጉን እስከ መጨረሻው ንገረን እንጂ። በ1833ቱ የብሪታንያ ሕግ ባርነት ሲቀር ፓርላማው 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበ፤ የተከፈለው ለጌቶቹ ነው። የቤቱ ባለቤት፣ የሃርዉድ ሁለተኛው ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው)፣ በባርቤዶስና በጃማይካ ለነበሩ 1,277 ሰዎች ከ26 ሺህ ፓውንድ በላይ ወሰደ። ነፃ ለተባሉት ሰባራ ሳንቲም አልደረሳቸውም፤ እስከ 1838 ድረስ «ተለማማጅ» ተብለው ለዚያው ጌታ ሠሩ። ይህም ሕጋዊ ነበር።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ሳባ ልክ ናት፤ ግን «የሸንኮራ እርሻ ጌቶች ቤት ሠሩ» ብላችሁ አትሂዱ፤ ቅደም ተከተሉ ይዛባል። የዚህ ቤተሰብ አባት ሄንሪ ላሴልስ በባርቤዶስ የጉምሩክ ሹም ነበር። ኋላ ለንደን ሆኖ ስኳር በኮሚሽን ይሸጣል፣ ለእርሻ ባለቤቶች ያበድራል። የሃርዉድን መሬት በ1730ዎቹ መጨረሻ ገዛ፤ ቤቱን ያሠራው ልጁ ኤድዊን ነው። አብዛኛው እርሻ የመጣው ቤቱ ካለቀ በኋላ፣ ተበዳሪዎቹ መክፈል ሲያቅታቸው ነው። በ1787 ከ27 ሺህ ኤከር በላይ ደርሶ ነበር። መያዣው መሬት ብቻ አይደለም፤ በላዩ ያሉት ሰዎችም ጭምር ናቸው።

ዓባይ ማዶ፦ ታዲያ ከቤቱ በስተደቡብ ያለው በረንዳ፣ አርክቴክቱ ቻርልስ ባሪ በ1840ዎቹ የሠራው፣ በካሳው ገንዘብ አይደለም?

ቀይ እስክሪብቶ፦ እንዲያ ብለህ አትጻፍ ወንድሜ። ቤተሰቡ በዮርክሻየርም ሰፊ የመሬት ኪራይ ነበረው። ጊዜው ተቀራርቧል ማለት ትችላለህ፤ ከዚያ ማለፍ ግን ለ«ሕጋዊ ነበር» ባዮች መልስ ማቀበል ነው።

የመቅደላ ልጅ፦ ሊድስ ከተነሳ ልዑል ዓለማየሁ በ1879 ያረፈው እዚያው ሄዲንግሊ ነው። ዊንድሶር ተቀበረ፤ በ2023 አጽሙ ይመለስ ሲባል ቤተ መንግሥቱ እምቢ አለ። ለምን በጉዞው አይጨመርም?

አዘጋጁ፦ ላሴልሶች መቅደላ አልዘመቱም። ሁለቱን አታደባልቅ።

የመቅደላ ልጅ፦ ዘመቱ አላልኩም። ሄዲንግሊ እዚያው ሊድስ ውስጥ ነው፤ የኛን ልጅ ስም ሳያነሱ ማለፍ ይከብደኛል።

አዘጋጁ፦ ለሱ ራሱን የቻለ ጉዞ ይገባዋል። ስለ ሃርዉድ ግን ቤተሰቡን ብቻ ስትወቅሱ የዛሬው ኧርል፣ ዴቪድ ላሴልስ፣ በ2023 «የባርነት ወራሾች» የተባለው፣ አባቶቻቸው ከባርነት ያተረፉ ሰዎች ቡድን ውስጥ መግባቱን ረሳችሁ። በቤቱም የሊድስን የካሪቢያን ካርኒቫል የመሠረተው የአርተር ፍራንስ ምስል ተሰቅሏል።

ሳባ፦ እሱን ነው የምልህ! የቤቱ ወራሽ በአደባባይ የሚናገረውን አንተ ለምን በአንድ ቃል ትሸፍነዋለህ?

አዘጋጁ፦ አልሸፈንኩም እህቴ። 36 ቁጥር አውቶቡስ በሩ ላይ ነው የሚያወርደን፤ ከዚያ እስከ ቤቱ ረጅም የእግር መንገድ አለ፣ ሕፃናትም አሉ። መጀመሪያ የክብር ክፍሎቹ፣ ቀጥሎ ታች ወጥ ቤቱና የመዳብ ድስቶቹ። ከዚያ በኋላ ታሪኩን ማንም ያንሳ።

ሳባ፦ ደክሟቸው ሊወጡ ሲሉ ማለት ነው። «ሕጋዊ ነበር» የሚለውን ካልሰረዝክ ከጎኑ 1,277 ብለህ ጻፍ።

አዘጋጁ፦ ማስታወቂያው ተበትኗል፤ አልነካውም።

ሳባ፦ እንግዲያው አውቶቡስ ውስጥ እናገረዋለሁ፤ ሃርዉድ ሳንደርስ።