ግራ እጄ ቀኙን ማጀብ አቃተው

የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ሳመሳክር ውዬ የሚይዘኝን ውጥረት ለማርገብ ካለፉት አራት ወራት ወዲህ በየምሽቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ፒያኖ እለማመዳለሁ። ያለኝ 61 ቁልፎች ያሉት፣ ፔዳል የሌለው ኪቦርድ ነው፤ አስተማሪ የለኝም። የወሎ ልጅ ነኝና የጀመርሁት በትዝታ ቅኝት ነው፤ በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ የሚሄደውን ሜጀር ትዝታ በቀኝ እጄ ብቻ ስጫወት ትከሻዬ ይላላል፣ ትንፋሼም ይረጋጋል።

ችግሩ የሚጀምረው ግራ እጄ ዶ፣ ሶል እና ከፍ ያለውን ዶ እያከታተለ ሲያጅብ ነው፤ ቀኙ ዜማውን ለማስረዘም በዘገየ ቁጥር ግራውም አብሮት ይቆማል፣ እኔም ጥርሴን ነክሼ እቀራለሁ (ለመዝናናት የጀመርሁት ነገር ከሒሳቡ ብሶ ማስጨነቁ ያስቀኛል)። ሁለቱን እጆች ለየብቻ አጥንቻለሁ። ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖምም በደቂቃ ወደ 60 ምት አውርጄ ሞክሬያለሁ፤ ሆኖም ምቱን ስከተል ዜማው ትዝታነቱን ያጣል፣ ምቱን ስተወው ደግሞ እጆቼ ይጋጫሉ።

እንዲህ ያለውን ዜማ በኪቦርድ የተጫወታችሁ፣ ቀኙ እየዘገየ ግራው ምቱን እንዳይለቅ ለማድረግ የጀመራችሁት በየትኛው ልምምድ ነው?