ሻጩ ወደ ጥገና፣ ጥገናው ወደ ሻጩ ይልከኛል፤ የት ልሂድ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ ምከሩኝ።

ስታዲየም አካባቢ ካለ ሱቅ ለእህቴ አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ። አራት ኪሎ ነው የምትማረው፤ የመመረቂያ ጽሑፏን እየሠራችበት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ ይርገበገብ ጀመር፣ ከዚያ ጭራሽ ጠቆረ። ሱቁ «ዋስትና አለው፣ ሜክሲኮ ጥገና ቤት ውሰደው» አለኝ። ጥገና ቤቱ ደግሞ «መለዋወጫ የለም፣ ከሻጩ ጋር ተነጋገር» ይላል። ስደውል አያነሱም። ካነሱም መልሱ «ነገ» ነው። እኔ እኮ የከፈልኩት ለአዲስ ዕቃ ነው!

የሸማቾች ጥበቃ አዋጁን፣ ቁጥር 813/2006ን፣ አነበብኩ። የገዛነው ዕቃ ጉድለት ካለበት፣ ከገዛንበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥልን ወይም ገንዘባችን እንዲመለስልን መጠየቅ እንችላለን ይላል። እኔም ቀኑ ሳያልፍ ነው የጠየቅኩት። የማሽን ደረሰኙም የዋስትና ወረቀቱም እጄ ላይ ናቸው። ባለሱቁ ግን ግድግዳው ላይ የለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ያሳየኛል። እንዴት ነው የግድግዳ ወረቀት ከአዋጅ የሚበልጠው? በጣም አብግኖኛል።

አቤቱታዬን ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ላቅርብ ወይስ በቀጥታ ለከተማው ንግድ ቢሮ? መጀመሪያ ለሱቁ በጽሑፍ ማመልከት ይጠቅማል? ጥገና ቤቱ ላፕቶፑን ሲረከብ በሰጠኝ ወረቀት ላይ ብልሽቱን አልጻፈም፤ አሁን እንዲጽፍልኝ ማስገደድ እችላለሁ?

በተለይ እንዲህ ገጥሟችሁ ገንዘባችሁን ያስመለሳችሁ ካላችሁ፣ ከየት እንደጀመራችሁ ንገሩኝ። የእህቴ ጽሑፍ ማስረከቢያ ደርሷል።