ጥር ላይ የምንጫወትበት አዳራሽ ያስተጋባል፤ ቅዳሜ ሄጄ ምን ልይ?

ባለ ኪቦርዱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ሰው ነን፤ እኔ ኪቦርድ፣ ሌሎቹ ቤዝ፣ ድራም፣ ሳክስ፣ ማሲንቆና አንዲት ድምፃዊት። ከጥምቀት በኋላ አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ አካባቢ ሰርግ ይዘናል። ቀብድ ተቀብያለሁ፣ ስለዚህ ማፈግፈግ የለም። አዳራሹን ግን ያየሁት ሙሽራው በስልኩ ቀርፆ በላከልኝ ቪዲዮ ብቻ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ጂፕሰም፣ አንዱ ረጅም ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ መስታወት። ርዝመቱ 36 ሜትር፣ ወርዱ 20 ይሆናል ብለውኛል። የተጠራው ሰው 500 ነው።

የምፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። አምና እንዲህ ያለ አዳራሽ ገብተን ጉድ ሆነናል። ድራመራችን የራሱ ስኔር (ያቺ ጯሂ ትንሽ ከበሮ) ከግድግዳ እየተመለሰበት ምቱ ጠፋው፤ ድምፃዊቷ ራሷን ስለማትሰማ ስትጮህ ስትጮህ ኬክ ሳይቆረስ ድምጿ ተዘጋ። የሙሽሪት አባት ሦስት ጊዜ መጥተው "ልጆቼ፣ እባካችሁ ቀንሱት" አሉን። ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ ዘፈኑ አይሰማንም እያሉ ሰው ይልካሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

የፊታችን ቅዳሜ ገብቼ እንዳይ ተፈቅዶልኛል። ምን ልይ? ምን ልጠይቅ? ስፒከር ጨምሬ ልከራይ ወይስ ብሩን ላስቀምጠው?

ሚክሰር ላይ ያረጀው፦
ብሩን አስቀምጠው። ወሳኙ የምትቆሙበት ቦታ ነው።

ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ባንዱ በረጅሙ አንድ ጫፍ ላይ ከቆመ የስኔሩ ድምፅ ማዶ ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ ወደ 70 ሜትር ይሄዳል፤ 0.2 ሰከንድ ማለት ነው። ሞቅ ባለ ቺክቺካ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ድራመርህ አምና ይሰማ የነበረው ሁለተኛ ድራመር ነው፣ ያውም የሚዘገይ። እኔ ብሆን ባንዱን በወርዱ በኩል፣ መስታወቱን ጀርባ አድርጌ አቆመው ነበር። መስታወቱን መጋረጃ ይሸፍነዋል፣ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳም 20 ሜትር ብቻ ስለሚሆን የሚመለሰው ድምፅ መዘግየቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ቅዳሜ ስትገባ መሃል ላይ ቆመህ አንዴ በኃይል አጨብጭብ። ከጭብጨባህ በኋላ ጠጠጠጠ የሚል ነገር ከሰማህ ሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ድምፁን እየተቀባበሉት ነው። ከዚያ እየተራመድክ ደግመህ አጨብጭብ፤ የሚቀንስበት ቦታ ይኖራል። ደግሞ ባዶ አዳራሽ ሁልጊዜ ከሞላው የባሰ ነው፣ 500 ሰው ከነልብሱ ብዙ ድምፅ ይጠጣል። ስለዚህ ሳውንድ ቼክ ላይ ተስፋ አትቁረጥ። ሚክሰሩ ላይ ያለውን ኢኮ ግን ዜሮ አድርገው፤ አዳራሹ ራሱ በነፃ ይሰጥሃል።

ለኋለኛው ሰው ዋናውን ስፒከር ከመጨመር ሁለት ትንንሽ ስፒከር ወደ እሱ ቀረብ አድርገህ በዝግታ ክፈት። ከዋናው 17 ሜትር ከራቁ 50 ሚሊ ሰከንድ አዘግያቸው፣ የዋናው ድምፅ እዚያ የሚደርሰው ያን ያህል ዘግይቶ ነውና፤ ዲጂታል ሚክሰር ካለህ በአንድ ቁልፍ የሚሠራ ነገር ነው። ያኔ የሙሽሪት አባትም ሳይጨነቁ የኋላው ሰውም ይሰማል።

ቤዝ ወዳዱ፦
እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለት ሰብ ዉፈር (የቤዝ ስፒከር) ጨምር። ደረት የማይመታ ሰርግ ለቅሶ ነው 😂

ሚክሰር ላይ ያረጀው፦
ሜዳ ላይ በተተከለ ድንኳን እሺ፣ እኔም እጨምራለሁ። ሴራሚክና ጂፕሰም መሃል ግን ቤዙ ይከማችና ዘፈኑ ሁሉ አንድ ጉምጉምታ ይሆናል። ድንኳኑ ወደ ጎረቤት ያሾልከዋል፣ አዳራሹ ግን አያስወጣውም።

የጎጃሙ ማሲንቆ፦
ማሲንቆ ተጫዋችህን አትርሳው። እኛን ዳር፣ ስፒከሩ ሥር የማስቀመጥ ልማድ አለ። ማሲንቆ የሚጮኸው በቆዳው ነው፤ ቆዳው ደግሞ ከስፒከር የሚመጣውን መልሶ ይይዝና ፉጨት ይጀምራል። ከዋናው ስፒከር ኋላ ይቁም።

ሌላው ሽልማት ነው። ሰው ሲሞቅለት ማሲንቆውን ወደ ጠረጴዛው ይጠራል፣ ብር ግንባር ላይ ይለጥፋል፣ አለመሄድ ነውር ነው። በገመድ አልባ ማይክ በጠረጴዛዎቹ መካከል ሲዞር ስፒከሩ ፊት ማለፉ አይቀርም። ስፒከሮቹ ከሰው ራስ በላይ፣ በስታንድ ከፍ ብለው ይሰቀሉ። ሳውንድ ማኑም ሞባይሉን ትቶ አይኑን ማሲንቆው ላይ ያድርግ።

መብራት ነክ፦
ሁላችሁም ስለ ድምፅ አወራችሁ፣ ስለ መብራት ማንም አልጠየቀም። ቅዳሜ የባንዱ ሶኬት የትኛው ብሬከር ላይ እንዳለ ይንገሩህ። 16 አምፔር ብሬከር በ220 ቮልት 3,500 ዋት ገደማ ነው የሚችለው። ባንዱ ለብቻው አይጨርሰውም። ግን ቡፌው ላይ ሁለት የምግብ ማሞቂያ በዚያው መስመር ከተሰኩ ልክ ሙሽሮቹ ሲገቡ ይወርዳል። የማብራት ማጥፊያ ጨዋታ ያለው የዲጄ መብራትም በሌላ መስመር ይሁን፣ አለዚያ ስፒከሩ ውስጥ ዝዝዝ ይላል።

"ጄኔሬተር አለን" ሲሉህ ስንት ኪሎ ዋት ነው በል። ሞተር ከፍታ ላይ አቅሙ ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች 5 ኪሎ ዋት የተጻፈበት ትንሽ ጄኔሬተር እዚህ 4 እንኳ ላይሞላ ይችላል። ኪቦርድህንና ሚክሰሩን ደግሞ በዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ በሚያቆይ ዕቃ) አሠራ። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለችው ግማሽ ደቂቃ ናት የምታዋርደው።

የጎጃሙ ማሲንቆ፦
ለዚያች ግማሽ ደቂቃ እኛ አለን። አንድ ከበሮ መድረኩ ሥር አስቀምጡ። መብራት ሲሄድ ከበሮውን ምታ፣ ሚዜዎቹ ሆታውን ይቀበሉሃል። እንግዳው የተዘጋጀ ነገር ይመስለዋል።

ዲኮር ሠሪዋ፦
ወንድሞቼ፣ ከወዲያኛው በኩል ልንገራችሁ። መድረኩ የት እንደሚሆን የሚወስነው የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ አይደለም፣ ሙሽራውም አይደለም። እኛ ነን። የሙሽሮች መቀመጫ፣ የአበባው በር፣ የቪዲዮ ባለሙያው የሚፈልገው አንግል ቀድሞ ይሳላል፣ ባንዱ የተረፈችው ጥግ ትደርሰዋለች፤ አብዛኛውን ጊዜ የወጥ ቤቱ በር አጠገብ። ይህን ያህል ሰርግ ስሠራ ሳምንት ቀድሞ የደወለልኝ ሙዚቀኛ ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም። ሁሉም በሰርጉ ጠዋት መጥቶ ይጣላኛል፤ ያኔ አበባው ተተክሏል።

ስለ መጋረጃውም፦ ስስ ሳቲን ለዓይን እንጂ ለጆሮ ምንም አይሠራም። ወፈር ያለ ቬልቬት፣ እጥፉ በዝቶ ከመስታወቱ ትንሽ ራቅ ተደርጎ ሲሰቀል ግን ልዩነቱ እኔም ይሰማኛል። በጊዜ ከተነገረኝ ኪራዩ ላይ የሚጨምረው ያን ያህል አይደለም።

ከለንደን፦
እዚህ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ አዳራሾች ግድግዳቸው ላይ የድምፅ መገደቢያ አላቸው፤ ከተፈቀደው መጠን ለጥቂት ሰከንድ ካለፍክ የመድረኩን ኤሌክትሪክ ይቆርጠዋል። ከበሮና ጭብጨባ ብቻውን ቀዩን መብራት ያበራዋል። ከመዋዋላችሁ በፊት ጠይቁ። እኛ በኤሌክትሮኒክ ድራም ነው የምንገባው።

ባለ ኪቦርዱ (ከቅዳሜ በኋላ)፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሄድኩ፣ አጨበጨብኩ፣ ጥበቃው ያበድኩ መስሎት ቆሞ አየኝ። በረጅሙ ጫፍ ላይ ጠጠጠጠው ቁልጭ ብሎ ይሰማል፤ መስታወቱን ጀርባ ሰጥቼ ስሞክር ግማሹም የለም። ጋሼ፣ ልክ ነበሩ።

ሶኬቱ ነገር ግን አስደነገጠኝ። ለባንድ የተባለው ሶኬት ከቡፌው ጋር አንድ ብሬከር ላይ ነው። ሌላ መስመር ያለው ከመግቢያው አጠገብ ስለሆነ 30 ሜትር ገመድ፣ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ይዤ ልመጣ ተስማምተናል። ጄኔሬተሩ ትልቅ ነው፣ ለሕንፃው በሙሉ። ዩፒኤሱን ከጓደኛ እዋሳለሁ።

ዲኮር የምትሠራላቸውን ልጅ ስልክ ከሙሽራው ተቀብዬ ደወልኩ። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ንድፉ አልቋል አለች። ስለ ቬልቬቱ ሳነሳላት ግን "ይህን ማን ነገረህ?" ብላ ሳቀች። ባንዱን ወደ መስታወቱ አዙራልናለች፣ በምትኩ የስፒከሮቹን ስታንድ ነጭ ጨርቅ ላለብስላት ቃል ገብቻለሁ። ከዲጄውም ጋር ተነጋገርን፤ በእኛ ስፒከር ይጠቀማል፣ ሁለት ሳውንድ ሲስተም አይኖርም።

የቀረኝ ድራመሩ ነው። በቀጭን ዘንግ ምታ ብለው "እኔ ሰርግ እንጂ ካፌ አልጫወትም" አለኝ።

ሚክሰር ላይ ያረጀው፦
አትከራከረው። የኪስ ቦርሳህን ስኔሩ ላይ ጣል አድርግበት፣ ግማሹን ጩኸት ይበላዋል። ብሩን ግን አስቀድመህ አውጣው።