ጥቆማ፦ ጀርመንኛ ሜጀር ይሁን ማይነር? የት ከተማ፣ በየትኛው ፈተና?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ጨርሻለሁ። ጀርመንኛ ከኤ1 እስከ ሲ2 ካሉት ስድስት ደረጃዎች ሦስተኛው ላይ፣ ቢ1 ደርሻለሁ። ጀርመን ሄጄ ጀርመንኛውን ራሱን ማጥናት እፈልጋለሁ። ሜጀር ላድርገው ወይስ ማይነር? የቀደማችሁ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም የዛሬ ሰባት ዓመት ይህንኑ እጠይቅ ነበር። አሁን ሃምቡርግ ነው ያለሁት። ገርማኒስቲክን (የጀርመንኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ጥናትን) ሜጀር፣ የኢትዮጵያ ጥናትን ማይነር አድርጌ ተመርቄያለሁ። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከሁሉ በፊት ይህን እወቂ። ጀርመን ውስጥ ገርማኒስቲክ ማለት የቋንቋ ኮርስ አይደለም። ቋንቋውን ትችያለሽ ብለው ነው የሚጀምሩት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አማርኛ የሚያጠና ልጅ ፊደል ሲቆጥር አይውልም፤ ይኸም እንደዚያው ነው። ትምህርቱ ሦስት ዘርፍ አለው፦ የቋንቋ ሳይንስ፣ አዲሱ ሥነ ጽሑፍና የመካከለኛው ዘመን ሥነ ጽሑፍ። አጠገብሽ የሚቀመጡት አብዛኞቹ ጀርመኖች ናቸው።

ሁሉም የሚፈራው ሦስተኛውን ነው። እኔ ግን የተጽናናሁት በእሱ ነው። መምህራችን ከ800 ዓመት በፊት የተጻፈ ገጽ አደሉን። ጀርመኖቹም እንደ እኔው ግራ ገባቸው። ገጹ ላይ «ሆኽጌትሲት» የሚል ቃል ነበር። ያኔ ትርጉሙ ታላቅ በዓል ነው። ዛሬ ያው ቃል «ሆኽትሳይት» ሆኖ ሠርግ ማለት ነው። ወዲያው «ሀገር» የሚለው ቃል ትዝ አለኝ። በግዕዝ ሀገር ከተማ ነው፤ አማርኛ ላይ ሲደርስ ሰፍቶ አገር ሆነ። እጄን አወጣሁና በተሰባበረ ጀርመንኛ ይህን ተናገርኩ። መምህሩ ቃሉን በፊደላችን ሰሌዳው ላይ እንድጽፈው ጠየቁኝ። ቅዳሴ በግዕዝ እየሰማ ያደገ ልጅ ለዚህ ትምህርት ባዶ እጁን አይመጣም፤ ይህን ከልቤ ነው የምልሽ።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። ማንበብ የምትወጂ ከሆነ፣ ሃምሳ ገጽ ለሳምንት ሲሰጡሽ የማትማረሪ ከሆነ፣ ሜጀር አድርጊው። ጀርመንኛን ለሥራ መሣሪያ ብቻ የምትፈልጊው ከሆነ ግን ማይነር ይበቃሻል፤ ሜጀርሽን ሌላ አድርጊ። ማስተማር ከሆነ ያማረሽ ደግሞ ገርማኒስቲክ ሳይሆን «ዳፍ» የሚሉት ክፍል ነው ያንቺ ቦታ። ጀርመንኛን ለውጭ ሰው የማስተማር ትምህርት ነው። ስለሱ ከታች አንድ ወንድማችን ጽፏል።

የሜጀርና የማይነሩ ድርሻ እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል። ሙኒክ ያለው ኤልኤምዩ ዩኒቨርሲቲ ከባችለሩ 180 ነጥብ (ክሬዲት) 120ው ለሜጀር፣ 60ው ለማይነር ነው። ሌላው ጋ ግማሽ በግማሽ የሚሆንም አለ። ከማመልከትሽ በፊት ይህን እዪ፤ ብዙ ልጅ ገብቶ ነው የሚያውቀው።

ከተማ ስትመርጪ ክፍያውን አትርሺ። ሃይደልበርግ፣ ቱቢንገንና ፍራይቡርግ ስማቸው ትልቅ ነው፤ ግን ያሉት ባደን-ቩርተምበርግ በሚባለው ክልል ውስጥ ነው። እዚያ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል። ሃምቡርግና በርሊን ባሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግን የሴሚስተር መዋጮ እንጂ ለባችለር የትምህርት ክፍያ የለም።

እኔ ሃምቡርግን የማስቀድመው በሌላም ምክንያት ነው። የሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል ያለው እዚህ ነው። ሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛ ያጠና ጀርመናዊ ሊቅ፣ የኤርፉርት ከተማ ሰው ነው። ኢትዮጵያዊውን ካህን፣ የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ አገኛቸው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን፣ ጎታ ከተማ ድረስ መጥተው አብረው ሠሩ። በ1698 የታተመው የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው ከዚያ ወዳጅነት የበቀለ ነው። ከዚያም ሌላው ጀርመናዊ ሊቅ ዲልማን በ1857 የግዕዝ ሰዋስው አወጣ፤ በ1906 ደግሞ የአገሩ ልጅ ሊትማን የአክሱሙን የጥናት ጉዞ መራ። ሁለቱም የጻፉት በጀርመንኛ ነው። ስለ ገዛ አገርሽ የተጻፈውን ያለ አስተርጓሚ ስታነቢ የሚሰማሽን ስሜት እኔ ልነግርሽ አልችልም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩበት ቀን አለ።

ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚጠየቀውን የጀርመንኛ ፈተና በተመለከተ። «ቴስትዳፍ» አራት ክፍል አለው፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲ በአራቱም ደረጃ 4 ይጠይቃል። «ዴኤስሃ»ን ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ጀርመን ውስጥ ይፈትናሉ፤ ደረጃ 2 ነው የተለመደው። ለገርማኒስቲክ ከዚያ ከፍ ያለ የሚጠይቁም አሉ። የጎተ ኢንስቲትዩት የሲ2 ፈተና በሰፊው ተቀባይነት አለው። ሲ1 ከሆነ ግን የየዩኒቨርሲቲውን ዝርዝር ሳታዪ ገንዘብ አትክፈዪ።

ትምህርቱን የት ልቀጥል ካልሽ፣ ስድስት ኪሎ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ክፍያው ቀላል አይደለም፤ ግን መምህሩ ስህተትሽን ዝም ብሎ አያልፍም። እኔ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ነበር የተመዘገብኩት። «በሦስት ወር ቢ1» ብለው ነበር። ሦስት ወር ሙሉ መልስ ስንሸመድድ ከረምን፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሴ መመሥረት ሳልችል ወጣሁ። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትማሪ ቆጥረሽ ጠይቂ። ቁጥሩን ካልነገሩሽ ተዪው።

ለቤት ጥናት የዶይቸ ቬለ (የጀርመን ድምፅ) «ኒኮስ ቬግ» የሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት በነፃ እስከ ቢ1 ያደርሳል፤ አንቺ አልፈሽዋል። አሁን የሚጠቅምሽ የእነሱው በዝግታ የሚነበበው ዜና ነው። ጽሑፉ ከድምፁ ጋር አለ። አባቴ ማታ ማታ የአማርኛውን የጀርመን ድምፅ ይከፍት ነበር፤ እኔ ያንኑ ዜና በጀርመንኛ እሰማለሁ። ወሬውን አስቀድመሽ ካወቅሽው ቃሉ በራሱ ይገባሻል።

መዝገበ ቃላት ላይ በእንግሊዝኛ በኩል መዞሩን ቶሎ አቁሚ። «ዴቬዴኤስ» (DWDS) የሚባለው የኢንተርኔት የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት ነፃ ነው፤ የቃሉን አመጣጥና ምሳሌ ያሳያል። የግሪም ወንድማማቾች ትልቁ መዝገበ ቃላትም ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1838 ነው፤ ያለቀው በ1961። ያዕቆብ ግሪም «ፍሩኽት» ማለትም «ፍሬ» የሚለው ቃል ላይ እያለ ሞተ። ሌሎች ከዚያው ቀጠሉ።

መጻሕፍትሽን አዲስ አትግዢ። ሬክላም የሚባል አሳታሚ አለ፤ ትንንሽ ቢጫ መጻሕፍት ያወጣል፣ ካፖርት ኪስ ውስጥ የሚገቡ። ያገለገለ ከሆነ አንድ ዩሮ የማይሞላም አይጠፋም። እኔ የገዛሁት አንዱ ላይ ከእኔ በፊት የነበረ ተማሪ ዳር ዳሩን በእርሳስ ጽፎበታል። ከመምህሩ ይልቅ ያ እርሳስ ነው ያስረዳኝ።

አስተያየት፦ ላይፕዚግ ዳፍ እየተማርኩ ነው። እዚህ ትምህርቱን የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1956 የተቋቋመው ሄርደር ኢንስቲትዩት ነው። ክፍሌ ውስጥ ከብዙ አገር የመጣ ሰው አለ፤ ጀርመንኛን እንደ እኛ በልምምድ የያዘ። ይህ ያበረታል። ሰዋስው የምትወድ፣ ለሌላ ማስረዳት ደስ የሚላት ከሆነ እህታችን እዚህ ብትመጣ ይሻላታል ባይ ነኝ። ለድሮ ግጥም ከሆነ ግን ሃምቡርግ ትሂድ።

ጥያቄ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ለማመልከት ኤጀንሲ ይሻላል ወይስ በራሴ? ሽቱዲየንኮሌግ የሚሉት የዩኒቨርሲቲ መሰናዶ ትምህርትስ ይጠበቅብኛል?

መልስ፦ በራስሽ አድርጊው። እኔ ለአንድ ኤጀንሲ ከፍዬ ያልተረጋገጠ ኮፒ ላኩብኝ፤ አንድ ሴሚስተር አመለጠኝ። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የሚቀበለው ዩኒ-አሲስት በሚባለው የጋራ ማዕከል በኩል ነው፦ የመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ 30። ለቪዛው ዝግ ሂሳብ (የኑሮሽን ወጪ ቀድመሽ አስገብተሽ በየወሩ የምታወጪበት የባንክ ሂሳብ) በዓመት 11,904 ዩሮ ነው፤ ከባዱ እሱ ነው፣ ቤተሰብ ጋር ቀድመሽ ተማከሪ።

ሽቱዲየንኮሌግ ያስፈልግሽ እንደሆነ «አናቢን» የሚባለው የመንግሥት የመረጃ ቋት ይነግርሻል። የዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመትሽ ሊያግዝሽ ይችላል፤ ትራንስክሪፕትሽን አሁኑኑ አውጪ። ከተጠየቅሽ ደግሞ ከመሰናዶው ክፍሎች «ጌ-ኩርስ» የሚባለውን ብለሽ ተመዝገቢ። ቋንቋ ስለሆነ «ኤስ-ኩርስ» ይመስላል፤ ግን ኤስ ለሌሎች ቋንቋዎች ነው፣ ገርማኒስቲክ ከጌ ጋር ነው የተመደበው።

የቢ2 ምዝገባ ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን ሂጂ፤ ቦታው ቶሎ ይሞላል። የማመልከቻ ደብዳቤሽን በጀርመንኛ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ።