ባለ ሁለት ትራንዚስተር ማጉያ፦ ስናገር ዋቱ ለምን ይወርዳል?

ሞገድ29፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሲቢ (27 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለ የሕዝብ ሬዲዮ) ተብሎ የተሠራ ማጉያ አለኝ፤ ውስጡ ሁለት 2ኤስሲ2879 ትራንዚስተሮች በፑሽ ፑል (የሞገዱን ግማሽ ግማሽ እየተፈራረቁ በሚያጎሉበት መንገድ) ተያይዘዋል። የአማተር ፈቃድ ስላለኝ የምጠቀምበት 29 ሜጋኸርዝ ላይ፣ በኤኤም (የሞገዱን ጉልበት በድምፅ በመለዋወጥ) ነው። ሬዲዮው 4 ዋት ካሪየር (ድምፅ ያልተጫነበት ተሸካሚ ሞገድ) ይሰጠዋል፣ ማጉያው 85 ዋት ያወጣል። ማይክ ላይ ስናገር ግን የዋት መለኪያው ጠቋሚ ከፍ በማለት ፈንታ ወደ 75 ይወርዳል። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 13.8 ቮልት አለ፤ ሲያስተላልፍ ማጉያው መግቢያ ላይ 11.8 አነባለሁ። ሽቦው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ 4 ሜትር ነው። የውጤት ትራንስፎርመሩ 1 ለ 5 ዙር ነው። ቮልቴጁን 16 ላድርሰው ወይስ ከፊቱ ድራይቨር (ግቤቱን የሚያጠናክር ሌላ ትንሽ ማጉያ) ልጨምር?

ብየዳው፦
ሁለቱንም ተው። ድራይቭ (ወደ ማጉያው የሚገባው ኃይል) አላነሰህም፣ በዝቶብሃል።

ኤኤም መቶ በመቶ ሲሞዱሌት (ድምፁ ሙሉ በሙሉ ሲጫንበት) ፒኩ (የኃይሉ ጫፍ) የካሪየሩን 4 እጥፍ ይደርሳል። በ85 ዋት ካሪየር ላይ 340 ዋት ፒክ ያስፈልግህ ነበር፤ እነዚህ ሁለት ትራንዚስተሮች እዚያ አይደርሱም። አስላው፦ በ1 ለ 5 ዙር የአንቴናው 50 ኦም ለ25 ተካፍሎ ከአንዱ ትራንዚስተር ኮሌክተር (የውጤት እግር) እስከ ሌላው ኮሌክተር 2 ኦም ይሆናል። ከሰፕላዩ ላይ ትራንዚስተሩ የሚያስቀረውን 1 ቮልት ያህል ቀንስ፤ የቀረውን በራሱ አባዛና በ2 አባዝተህ ለ2 ኦሙ አካፍል። በ13.8 ቮልት 164 ዋት፣ በ11.8 ግን 117 ዋት ይወጣል። ከዚያ በላይ የምትገፋው ሁሉ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጣል፤ ትርፉ ሙቀትና ጎረቤት ቻናል ላይ የሚረጭ ጫጫታ ነው። ጠቋሚው የሚወርደውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሽቦው ይቀየር። ሄዶ መልስ 8 ሜትር ባለ 1.5 ሽቦ 0.09 ኦም ገደማ ነው፤ በ20 አምፔር 1.8 ቮልት ይበላል። ባለ 10 ካሬ ብታደርገው 0.28 ቮልት ብቻ ነው የምታጣው። የፊውዙን መያዣም አትርሳ። እያስተላለፍክ መልቲሜትሩን በሁለቱ ጫፎቹ ላይ አድርግ፤ ከ0.1 ቮልት በላይ ካነበብክ ላልቷል ወይም ዝጓል። ኔጋቲቩንም እንደዚያው ለካ። ብዙ ሰው ፖዘቲቩን ብቻ ያወፍርና ቮልቱ የት ሄደ ይላል።

ፓድ_ሠሪ፦
ሽቦው ካለቀ በኋላ በሬዲዮውና በማጉያው መካከል የ3 ዲሲቤል ፓድ (ኃይሉን በግማሽ የሚቀንስ የሬዚስተሮች ቅንብር) አስገባ። 18 ኦም በመስመሩ ላይ፣ ከሁለቱም ጫፎቹ ወደ መሬት 300 ኦም። 5 ዋት የሚችሉ ሜታል ኦክሳይድ ይሁኑ፤ በሽቦ የተጠመጠመ ሬዚስተር በዚህ ፍሪኩዌንሲ እንደ ጥቅል ይሠራልና አይሆንም። ፓዱ በማስተላለፊያው መስመር ላይ፣ ከሪሌዩ (መቀበልንና ማስተላለፍን ከሚቀይረው ማብሪያ) ቀጥሎ ይግባ፤ አለበለዚያ ስትቀበልም ሲግናሉን ይቀንስብሃል።

ትራንዚስተሩ በዝርዝሩ ላይ ቢያንስ 13 ዲሲቤል፣ ማለትም 20 እጥፍ ያጎላል። ከፓዱ የሚወጣው 2 ዋት 40 ዋት ካሪየር ይሆናል፣ ፒኩ 8 ዋት ደግሞ 160። ከላይ ከተሰላው 164 ጋር ገጠመ። የተሻለ ጌይን (የማጉላት አቅም) ያለው ጥንድ ከያዝክ የሬዲዮውን ካሪየር ትንሽ ዝቅ አድርግ።

ማስተካከሉን ግን በተራ ዋት መለኪያ አትመነው፤ የሚያሳይህ አማካዩን ነው። 50 ኦም ደሚ ሎድ (አንቴናውን የሚተካ ሬዚስተር) ላይ በኦሲሎስኮፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ቮልት አንብብ፣ በራሱ አባዝተህ ለ400 አካፍል። 40 ዋት ካሪየር 126 ቮልት ገደማ ነው፤ ስትናገር ጫፉ ሳይደፈጠጥ እስከ 253 ከደረሰ ጨርሰሃል። ፕሮቡን በቀጥታ አታስገባው፤ የሚችለው ቮልት በ29 ሜጋኸርዝ በጣም ይወርዳል፣ በሬዚስተር አካፋይ በኩል ውሰድ።

ሞገድ29፦
ገባኝ። ግን ካሪየሩ ከ85 ወደ 40 ሲወርድ ርቀት አላጣም?

ብየዳው፦
3.3 ዲሲቤል ነው፤ በኤስ ሜትር (በተቀባዩ የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ግማሽ ነጥብ ገደማ። የሚሰማው ድምፁ እንጂ ካሪየሩ አይደለም፣ እሱ ደግሞ አሁን ሙሉ ሆኖ ይወጣል።

ስለ 16 ቮልቱ፦ እነዚህ የተሠሩት ለ12.5 ቮልት ነው። ኮሌክተሩ ላይ የሚወዛወዘው ቮልት የሰፕላዩን እጥፍ ይደርሳል፤ ኤስደብልዩአሩ (ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚያሳየው ቁጥር) ሲበላሽ ከዚያም ያልፋል፣ ትራንዚስተሩም በቅጽበት ይሄዳል።

ክዳኑን ከከፈትክ ባያሱንም (ድራይቭ ሳይኖርም ትራንዚስተሩን በትንሹ ክፍት የሚያደርገውን) እየው። ብዙ የሲቢ ማጉያ ክላስ ሲ (ባያስ የሌለው) ነው፤ የሞገዱን ዝቅተኛ ክፍል ይውጠዋል፣ ለኤስኤስቢ (ካሪየር ለሌለው የድምፅ ማስተላለፊያ ዘዴ) ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ያለ ድራይቭ ሪሌዩን ዝጋና ለእያንዳንዱ ትራንዚስተር 100 ሚሊ አምፔር አድርግ። እየሞቀ ሲሄድ ከረንቱ ከጨመረ የባያሱ ዳዮድ ከትራንዚስተሩ አካል ጋር በደንብ አልተጣበቀም፤ እንደዚያ ትተኸው አትሥራ።

ፓድ_ሠሪ፦
አንድ ልጨምር። ከውጤቱ በኋላ ሎው ፓስ ፊልተር (ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲዎችን የሚያስቀር ማጣሪያ) ከሌለ አስገባ። ፑሽ ፑል ሁለተኛውን ሃርሞኒክ (የፍሪኩዌንሲውን ብዜት) ያዳክማል እንጂ ሦስተኛውን አይነካም፤ የ29.2 ሦስተኛ 87.6 ሜጋኸርዝ ነው፣ ልክ ኤፍኤም ባንድ መጀመሪያ ላይ።

ትራንዚስተር መቀየር ካስፈለገህ ጌይናቸው የተቀራረበ ጥንድ ፈልግ፤ ቶሺባ ማምረት ካቆመ ወዲህ አስመስለው የተሠሩት በዝተዋል። የተቃጠለውንም ነጩን ሴራሚክ አትፋቀው፣ አትስበረው፤ ቤሪሊየም ኦክሳይድ ነው፣ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።